ደም አለብህ

የክሊኒኩ ድሬሰር ጌታሁን የመለኪያውን ጥቁር ጨርቅ በደሳለኝ ቀኝ ክንድ ላይ ጠምጥሞ የጎማዋን ኳስ ሲጨምቅ፣ ደሳለኝ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። በርጩማውን ራሱ ጎትቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው። ከንጋት ጀምሮ አልቆም ያለው ነስር በጋቢው ደረት ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ጠቁሯል። እሱን ግን ከነስሩ ይልቅ ያስጨነቀው ምንሽሩን የክሊኒኩ ዘበኛ ደጅ ላይ መቀበሉ ነበር። እጁ ባዶ ሲሆን ልቡ በጆሮው ውስጥ ይደልቃል። ጨርቁ እያበጠ ክንዱን ባነቀው ቁጥር፣ ይህ ሰው የሚያስረኝ ለማን ሊሰጠኝ ነው የሚል ሐሳብ በአእምሮው ውልብ ይል ጀመር።

ጌታሁን የብርጭቆው ዘንግ ውስጥ የወጣውን ሜርኩሪ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ፤ አየሩን አስተንፍሶ እንደገና ነፋ፤ እንደገና ተመለከተ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ያለ መቅድም ተናገረ።

«ደም አለብህ።»

ደሳለኝ ከበርጩማው ሲነሣ ማንም አላየውም። በታየ ጊዜ የድሬሰሩን አንገት በገዛ ማዳመጫው ጎማ አንቆ፣ ጀርባውን ከመድኃኒቱ መደርደሪያ ጋር አላትሞት ነበር። ጠርሙሶች ረገፉ፤ አዮዲን በነጭ ካፖርቱ ላይ ተደፋ። ማን ነገረህ፣ ገብረ ማርያም የት ተቀምጧል፣ ስንት ሆነው መጡ እያለ በእያንዳንዱ ጥያቄ ጎማውን ያጠብቃል። ሚስቱ አስካለ ከኋላው ጋቢውን ይዛ ብትጎትት በክርኑ ደረቷን መትቶ ጣላት። ዘበኛው ገብቶ በሰደፍ ትከሻውን ሲመታው ነው እጁ የላላው።

ጌታሁን መሬት ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። ከጦር ሠራዊት ወጥቶ በቆቦ ክሊኒክ የተቀጠረ፣ ከደሳለኝ ጋር እኩያ የሆነ የሸዋ ሰው ነው። ደም ብዛት የሚባለውን ሕመም ባልደረቦቹ እንደሚያደርጉት አሳጥሮ «ደም» ማለት ለምዶ ነበር። ያ ቃል በራያ ቆላ ምን እንደሆነ ያስተዋለው አሁን፣ አንገቱ ላይ ቀይ ቀለበት ከወጣ በኋላ ነው። ደም ያለበት ሰው ማለት የሰው ነፍስ ያጠፋ፣ ያልታረቀ፣ ዘመድ የሚፈልገው ገዳይ ማለት ነው።

«የሰው ደም አላልሁህም» አለ ድምፁ ሻክሮ። «የራስህ ደም ነው የበዛብህ።»

«ደም በዝቶ ሰው ይታመማል?» አለ ደሳለኝ፣ ዘበኛው ጉልበቱን ጀርባው ላይ እንደጫነ። «እኔ የማውቀው ፈስሶ ሲሞት ነው።»

አስካለ ደረቷን ይዛ ተነሣች። ሐኪሙ ሌላ ከመናገሩ በፊት እኔ ልናገር አለች። ባሏ ከደሴ ወህኒ ከወጣ ወዲህ ራሱን ያመዋል፤ ሲነጋ ያዞረዋል፤ ከዱር አውሬ ይልቅ ነቅቶ ያድራል። ገድሎ ታስሮ ወጣ፤ መንግሥት ያሰረው ለራሱ ነው እንጂ የሟቹ ወንድም ገና አልማረውም። ጌታሁን አድምጦ ሲጨርስ ትኩር ብሎ ደሳለኝን አየው።

«ጦር ሜዳ የቆመ ሰው ልቡ እንዳንተ ይመታል» አለው። «ጦርነቱ ሲያልቅ ይበርዳል። አንተ ዘንድ አላለቀም። ልብህ ከጠዋት እስከ ማታ ይዋጋል፤ ከማን ጋር እንደሚዋጋ ግን አያውቅም። የባልንጀሮቼን ሬሳ ያነሣሁት ከሜዳ ነው፤ ያንተን ከጓሮህ ያነሡታል።»

ከዚያ ለአስካለ ቀስ ብሎ አስረዳት። አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ያለች ቀጭን የደም ሥር ትበጠስ ይሆናል። ያኔ ፊቱ በአንድ ወገን ይወድቃል፤ አፉ ይጣመማል፤ ምላሱ ይታሰራል። ያን ያየሽ እንደሆነ አስተኚው፣ ማንም አያንገላታው፣ ወደኔ አምጪው አላት። ጨው ይቀንስ፣ ይተኛ፣ ከሁሉ በፊት ጠቡን ይጨርስ። ደሳለኝ ምንሽሩን ከዘበኛው ተቀብሎ ሲወጣ አመሰግናለሁ አላለም፤ ነገር ግን ደጁን ከመሻገሩ በፊት ዞሮ፣ ሐኪም ሆይ ያን ቃል እዚህ አገር አትድገመው ብሎት ሄደ።

*

ጠቡ ከዓመታት በፊት የተነሣው በውሃ ነበር። የሆርማት ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው። በክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ግንድና ድንጋይ እያገላበጠ እንደ ቁጡ በሬ ይወርዳል። የቆቦ ገበሬም ያን ጎርፍ በጭራሮና በድንጋይ ክትር ጠልፎ፣ ተሊላ በሚሉት ቦይ ወደ ማሽላው ያስገባል። ተራ አለው፤ ተራውን የሚያስከብር የውሃ አባት አለው። ከዚያው ቦይ የሚያጠጣው ወልደ ሚካኤል በደሳለኝ ተራ ክትሩን ሰበረ። ደሳለኝ ዶማውን እንደያዘ ደረሰበት። አንድ ጊዜ መታው፤ ወልደ ሚካኤል እየተንገዳገደ ቀና ሲል ደግሞ መታው፤ የዶማው ስለት ከሰውየው ሰረሰር ውስጥ አልወጣ ሲለው በእግሩ ረግጦ አወጣው። ሬሳው ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ቀዩ ውሃ አቅጣጫውን አልሳተም፤ ተራውን ጠብቆ በደሳለኝ ማሳ ገባ። ማሽላው እንደዚያ ዓመት ያፈራበት ጊዜ አልነበረም፤ ከዘመዶቹ በቀር የቀመሰው ሰው ግን አልተገኘም።

ከማዶ የነበረ አንድ እረኛ ያየውን ሲመሰክር፣ ገዳዩ ሬሳው ላይ ቆሞ ሳቀ አለ። ደሳለኝ ጥርሱን ማግጠጡ እውነት ነው፤ ትንፋሽ አጥሮት፣ መንጋጋው ተቆልፎበት ነበር እንጂ ሳቅ አልነበረም። ነገር ግን ምስክርነቱ ወደ ጎብዬ ተሻግሮ ከሟቹ ታናሽ ወንድም ከገብረ ማርያም ጆሮ ገባ፤ ገብቶም እንደ እሾህ ተሰበረ። ወንድሙ መገደሉን ሰው ሁሉ ይገደላል ብሎ ሊሸከመው ይችል ይሆናል። ሳቁን ግን መሸከም አልቻለም።

ደሳለኝ የወህኒውን ዘመን ጨርሶ ሲመለስ፣ ፍርሃት ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ገብቶ ጠበቀው። ሌላው ገበሬ ማሽላው ከቁመቱ ሲያልፍ ይደሰታል፤ እሱ ግን ማሽላ ሰው እንደሚሸሽግ ያስባል። በነሐሴ ያለ ምሕረት፣ ገና እሸት ሳይይዝ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን አገዳ በማጭድ ጨፈጨፈው። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው አዩት። የገዛ ውሻውን፣ ከዋጃ ገበያ ሲመለስ ከአጥሩ ሥር ብድግ ብሎ ሊቀበለው ቢሮጥ፣ አነጣጥሮ ሳያይ ተኩሶ ጣለው። አስካለ አንድ ጊዜ ከኋላው ውሃ ይዛ ብትቀርበው ዞሮ በሰደፍ መትቷታል፤ ከዚያ ወዲህ በራሷ ቤት ሳል እያሰማች መሄድ ለመደች። ቁጣው ምክንያት መፈለግ ትቶ ነበር። ጥማድ በሬው ሞፈር ሲያዛንፍ በዱላ ደብድቦ ዓይኑን አፈሰሰው፤ ከዚያ የበሬውን አንገት አቅፎ እንደ ሴት አለቀሰ። ማታ ማታ ልቡ ከጎድኑ ውጪ የሚመታ ይመስለዋል። ጠዋት ሲነሣ ራሱ በብረት ቀለበት የታሰረ ያህል ይከብደዋል።

ይህን ሁሉ በፍርሃት የሚያስደርገው ሰው ከእርሱ አይሻልም ነበር። ገብረ ማርያም የወንድሙን ደም ሳይመልስ ጠጉሩንና ጺሙን ላይላጭ ምሎ፣ ግንባሩን በመቀነት አስሮ ይኖር ነበር። ስንት ጊዜ ከማሽላ ውስጥ ተኝቶ የደሳለኝን ደረት በምንሽር አፍ ላይ አስቀምጧል። ግን ጣቱ ቃታ ላይ ሲደርስ የገዛ ልቡ ምት ክንዱን እያወዛወዘ አፈሙዙን ይነቀንቀዋል፤ ኢላማው ከደረት ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ አፈር ይዋልላል። ሳይተኩስ ይመለስና በልጆቹ ላይ ይጮሃል። በአርባ ዓመቱ ሽማግሌ የመሰለ ሰው ነበር።

*

አበጋሩ ሼህ እንድሪስ በመስከረም መጨረሻ እንደገና ሽምግልና ተላኩ። ደም የሚያደርቁ፣ ገዳይን ከሟች ወገን የሚያስታርቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ቃላቸውን የሚያከብርላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከዚህ በፊት ገብረ ማርያም ሦስት ጊዜ ከደጁ መልሷቸዋል። በዚህኛው ግን ቁጭ ብሎ አዳመጣቸው፤ ከዚያም መተኛት እፈልጋለሁ አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ካሳውንም አልተከራከረም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ደሳለኝ በሌላ ሰው አፍ ሳይሆን በራሱ አፍ፣ ፊት ለፊት፣ «ገድያለሁ፣ ማረኝ» ይበለኝ፤ ሲለኝም ፊቱን ልየው አለ።

ይህ ለደሳለኝ ተነገረው። በፍርድ ቤት እንኳ ገደልሁ ብሎ አያውቅም፤ ተራዬ ነበር ነው ያለው። በማግሥቱ አስካለ ከማሳው ዳር ስትደርስ፣ ዓይኑ ለጠፋው በሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማችው። ገድያለሁ፣ ማረኝ ይላል። ያቆምና ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ይላል። በሬው ያመነዥካል። በዚያን ሰሞን ነስሩ ቆመ፤ ጨው ቀነሰ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንሽሩን ቤት ትቶ እስከ ቦዩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። አስካለም ሳል ሳታሰማ በኋላው አለፈች።

ማሽላው ታጭዶ፣ አውድማው ተጠርጎ፣ ጥር ገባ። የዕርቁ ቀን ሲደርስ ደሳለኝ የነቃው ራሱን ይዞ ነው። ቀኝ እጄ ደንዝዟል አለ፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት አስካለ ቆለፈችለት። ዛሬ ይቅር፣ ሼሁን ልለምናቸው ብትለው ተቆጣ። ሰውየው ልተኛ ብሎኛል፤ ዛሬ ብቀር ዕድሜ ልኩን አይተኛም፣ እኔም አልተኛም አላት። ከዚህ የበለጠ ስለ ገብረ ማርያም በደግ ተናግሮ አያውቅም።

ሥፍራው የሆርማት ደረቅ አሸዋ ነበር። የሟች ወገን በደቡብ ዳርቻ፣ የገዳይ ወገን በሰሜን ዳርቻ ቆመ። ትጥቅ ሁሉ ተፈትቶ ከአንድ ግራር ሥር ተከምሯል። ሴቶች ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው ያያሉ። በመካከል ሠንጋ ተጥሎ ታረደ። በዚያ አገር ሥርዓት የሠንጋው ደም አሸዋው ላይ ፈስሶ ሳይረጋ ገዳዩ ቃሉን መናገር፣ የሟች ወንድምም መመለስ አለበት። ደሙ ከረጋ ዕርቁ ሞተ ማለት ነው።

ደሳለኝ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ አሸዋውን መሻገር ጀመረ። ቀኝ እግሩ ከኋላው እየተጎተተ መስመር ያሰምራል። ይህን ያዩ ሰዎች ከትሕትና ቆጠሩለት። ከሚፈሰው ደም ማዶ ገብረ ማርያም ቆሞ ይጠብቀዋል። ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ሼህ እንድሪስ በመካከላቸው ሆነው እጃቸውን አነሡ።

«ቀና በልና ንገረው፣ ልጄ።»

ደሳለኝ ቀና አለ። አፉን ከፈተ። ቃሉ ከደረቱ ተነሥቶ ጉሮሮው ሲደርስ፣ በጭንቅላቱ ውስጥ አንዳች ነገር እንደ ክትር ተሰበረ። ሕመም አልነበረም፤ የሙቅ ውሃ ጎርፍ ነበር። ገድያለሁ ሊል ፈለገ፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ለበሬው መላልሶ ብሎታል፤ አሁን ግን ምላሱ እንደ ሌላ ሰው ምላስ አፉ ውስጥ ተጋድሞ አልነሣም አለው። ከጉሮሮው «ኽኽ፣ ኽኽ» የሚል ድምፅ ወጣ። የፊቱ ቀኝ ወገን እንደ እርጥብ ጭቃ ወደ ታች ወረደ፤ ግራው ጉንጩን ወደ ላይ ስቦ ጥርሱን ገለጠው።

ገብረ ማርያም ያን ፊት አየ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ በሐሳቡ ሲስለው የኖረው ፊት ነበር። ግማሽ ከንፈር ተገልጦ፣ ጥርስ ወጥቶ፣ ትንፋሽ እንደ ሳቅ እየተቆራረጠ።

«ሳቀ» አለ በቀስታ፣ ለሼሁ እንደሚያስረዳ። «አያችሁት? አሁንም ሳቀ።»

ሼሁ ደሳለኝን በትከሻው ይዘው ተናገር፣ ደሙ እየረጋ ነው እያሉ ወዘወዙት። ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንሸራትቶ አሸዋው ላይ ወደቀ። በሥርዓቱ ምሕረት ሳይሰጠው ድንጋይ የጣለ ሰው ልመናውን ጣለ ማለት ነው፤ ከደቡቡ ዳርቻ ጉርምርምታ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው አስካለ ከአፋፉ ላይ የባሏን ፊት ያየችው። ድሬሰሩ የነገራት ሁሉ፣ የወደቀው ጉንጭ፣ የተጣመመው አፍ፣ የታሰረው ምላስ፣ በአንድ ጊዜ በዓይኗ ገባ። ነጠላዋን ጥላ ገደሉን እየተንሸራተተች ወረደች። የሕመሙን ስም ፈለገች፤ በአፏ የመጣላትም ሐኪሙ ያኔ ባሏን ያለው ያው ቃል ነበር።

«አትንኩት! ደም አለበት! ደም አለበት!»

አሸዋው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ። ገዳይ በሟች ወንድም ፊት ሲስቅ፣ ሚስቱ ደግሞ ደሙ እንዳልደረቀ እየጮኸች ስትመሰክር ሰማ። ከገብረ ማርያም ወገን አንዱ፣ ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለህ አለው። ገብረ ማርያም ግን ለመስማት ጆሮ አልነበረውም፤ ለዓመታት ያልበረደው ልቡ በጆሮው ውስጥ ይደልቅ ነበር። አጎንብሶ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣ። ለስንት ዘመን አፈሙዝ ሲነቀንቅበት የኖረው ክንዱ በዚያች ቅጽበት አልተንቀጠቀጠም። ደሳለኝ በጉልበቱ ወድቆ ግራ እጁን ዘርግቶለታል፤ የተዘረጋው እጅ ለምሕረት ይሁን ለመከላከል ማንም አልለየውም። የመጀመሪያው ምት ግንባሩን አጎደጎደው። ሁለተኛው የሚስቀውን ጉንጭ አገኘ። ሼሁ በመካከል ሲገቡ በክርን ተገፍተው ወደቁ። ገብረ ማርያም ያ አፍ አፍ መምሰሉን እስኪተው ድረስ ቀጠቀጠ፤ ሦስተኛው ይሁን አሥረኛው ምት ላይ የገዛ ጣቱ በድንጋዩና በመንጋጋው መካከል ተጨፍልቆ እንኳ አልተሰማውም። አስካለ ስትደርስ የሠንጋው ደም ረግቷል። የባሏ ግን ገና ይፈስ ነበር።

*

ገብረ ማርያም አልሸሸም። ፖሊሶች ከቆቦ ሲደርሱ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ አገኙት። ሬሳው ለምርመራ፣ እሱም ለተጨፈለቀው ጣቱ፣ በአንድ መኪና ተጭነው ወደ ክሊኒኩ ተወሰዱ።

ጌታሁን ሬሳውን ገልጦ አይቶ ሸፈነው። አስካለን ብቻዋን አነጋገራት፤ ስለ ጠዋቱ እጅ መደንዘዝ፣ ስለ ተጎተተው እግር፣ በመጨረሻም እሷ ስለ ጮኸችው ቃል ነገረችው። ያን ቃል ስትደግም የድሬሰሩ እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክፍል ገብቶ፣ አንድ እጁ ከፖሊስ ጋር የተቆራኘውን የገብረ ማርያምን ጣት ማጠብ ጀመረ። አጥቦም በፋሻ ጠቀለለው።

«አልሳቀብህም» አለው በመጨረሻ። «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አፉ ተጣሞ ነበር። ሚስቱም የጮኸችው የሕመሙን ስም ነው፤ ያን ስም ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ባትነካው ኖሮም ምናልባት አይነጋለትም ነበር።»

ገብረ ማርያም ዓይኑን ከታሰረው ጣቱ አነሣ።

«የፊተኛውስ?» አለ። «ወንድሜ ላይ የሳቀው?»

«እሱን አላየሁም» አለ ጌታሁን።

 የገብረ ማርያም ፊት ደም መስሎ ቀልቷል፤ በሰላላ አንገቱ ላይ የደም ሥሩ እንደ ገመድ ተገትሮ ይዘላል። ጌታሁን ጥቁሩን ጨርቅ አምጥቶ በክንዱ ላይ ጠመጠመና ኳሷን ጨመቀ። በመስኮቱ በኩል ከደጁ ባሕር ዛፍ ሥር የደሳለኝ ወንድሞች ይታያሉ። አያለቅሱም፤ ቆመው በሩን ይመለከታሉ። ገብረ ማርያም አያቸው። ከዚያ ከፖሊሱ ጋር የተቆራኘውን እጁን እየጎተተ፣ በርጩማውን በእግሩ ወደ ኋላ ገፍቶ ጀርባውን ከግድግዳው አስጠጋ።

ሜርኩሪው ወጣ፤ ወጣ፤ ደሳለኝ ዘንድ የቆመበትን አልፎ ቆመ። ጌታሁን ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ሌላ ቃል ፈለገ። ከሸዋም፣ ከሠራዊቱም፣ ካነበበው መጽሐፍም ፈለገ፤ አጣ።

«ንገረኝ እንጂ፣ ሐኪም» አለ ገብረ ማርያም፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። «አለብኝ አይደል?»